ስምና ደመወዝ

ሰውን ከድካሙ ዋጋ ለማራቅ ከተፈለሰፈው ብልኀት ሁሉ ድምፅ የሌለውና ዕድሜው የረዘመው ስም መለወጥ ነው። ጌታው ሎሌውን «አንተማ ልጄ ነህ» ያለው እንደ ሆነ ሎሌው ደመወዙን ለመጠየቅ ያፍራል፤ ልጅ ከአባቱ ደመወዝ አይጠይቅምና። ውርስ በሚከፈልበት ቀን ግን ያ ልጅ የተባለው ሰው ከደጅ ቆሞ ይገኛል። በአገራችን በሰው ቤት ያደጉ ብዙ ሴቶች ይህን ነገር ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት ግን ከእነርሱ እጅግ በራቀ አገር፣ በተለየ ኑሮ ላይ ላሉ ወጣቶች ስለ ተሰጠ አንድ ስም ነው። ስሙ «ተማሪ ስፖርተኛ» ይባላል፤ አገሩ አሜሪካ ነው፤ ጉዳዩም ለኮሌጆቻቸው የሚጫወቱ ወጣቶች ገንዘብ ሊከፈላቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ረጅም ክርክር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በጥቂቱ ላስረዳ። በሌላው ዓለም ሕዝብ የሚጎርፍለትን ኳስ የሚጫወቱት ክለቦች ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ቢኖረውም ተመልካቹ የተማሪው ጓደኛ ነው። በአሜሪካ ግን የኮሌጅ ቡድን ራሱ እንደ ትልቅ ክለብ ነው። እነርሱ እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት፣ ሞላላውን ኳስ በእጅ ይዘው የሚፋለሙበት ጨዋታ በየቅዳሜው አገሩን ያንቀሳቅሰዋል፤ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ100,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። በመጋቢት የሚደረገው የቅርጫት ኳስ ውድድርም የሚናቅ አይደለም፤ ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ውድድሩን በቴሌቪዥን ለማሳየት በ2010 ለ14 ዓመት 10.8 ቢሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል ተዋዋለ፤ በ2016 ደግሞ ውሉ እስከ 2032 እንዲራዘም ተደርጎ ሌላ 8.8 ቢሊዮን ተጨመረበት። በዚያው ዘመን ይህን ሁሉ ገንዘብ የሚያመጣው ወጣት የራሱን ማልያ ሸጦ ቢገኝ ከጨዋታ ይታገድ ነበር።

እንግዲህ ስሙ ከወዴት መጣ? በ1953 የኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት የተጎዳ አንድ ተማሪ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ የጉዳት ካሳ ይገባዋል ብሎ ፈረደ። ማኅበሩ በዚህ ፍርድ ደነገጠ፤ ተጫዋቾች ሁሉ ሠራተኞች ከተባሉ ለተሰበረው እግርና ለተናጋው ራስ ሁሉ ኮሌጁ ተጠያቂ ይሆናልና። ከዚህ በኋላ «ተጫዋች» ወይም «ሠራተኛ» የሚል ቃል ከደንቡና ከጽሑፉ እየጠፋ በፈንታው «ተማሪ ስፖርተኛ» የሚለው ስም ገባ። በ1955 በዚያው በኮሎራዶ በአንድ ትንሽ ኮሌጅ የሚጫወት፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ወጣት በጨዋታ ላይ ራሱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ ካሳ ጠየቀች። በ1957 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ኮሌጁ የእግር ኳስ ነጋዴ አይደለምና ሟቹ ሠራተኛው አልነበረም ሲል ጥያቄዋን ውድቅ አደረገው።

ስሙ ከፍርድ ለማምለጥ ታስቦ እንደ ወጣ የምናውቀው ከጠላት ሐሜት አይደለም፤ ስሙን ካወጡት ሰዎች ከዋናው አፍ ነው። ዋልተር ባየርስ ከ1951 ጀምሮ ከ35 ዓመት በላይ የማኅበሩ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። ጡረታ ከወጣ በኋላ በ1995 ባሳተመው መጽሐፍ (ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ስፖርታዊ ያልሆነ ጠባይ» ለማለት ይቻላል) ቃሉን የፈጠሩት ተጫዋቾቹ በፍርድ ቤት ሠራተኞች እንዳይባሉ በመሥጋት እንደ ሆነ ገልጾ ተናገረ። ከዚህም አልፎ የአማተርነት ደንብ የተባለው፣ ኮሌጆች በአንድነት ሆነው የወጣቶቹን ዋጋ ዝቅ አድርገው የሚይዙበት መጋረጃ መሆኑን ጻፈ።

ይህን መጽሐፍ የሚነቅፉት አሉ። ሥልጣን ላይ ሳለ ዝም ብሎ ጡረታ ሲወጣ ጮኸ፤ እውነቱ ምንም በማያስከፍለው ሰዓት የተነገረ እውነት ርካሽ ነው ይላሉ። ስለ ሰውየው ጀግንነት የሚፈርድ ሰው እንዲህ ቢል አልከራከረውም፤ እኔም በገጾቹ መካከል «ታዲያ በዚያ ወንበር ላይ ሳለህ?» እያልሁ ብዙ ጊዜ ቆሜአለሁ። ነገር ግን ምስክርነትና ጀግንነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ራሱ የሠራውን ቤት መሠረቱ የተንጋደደ ነው ብሎ ሲመሰክር ከሚያልፈው መንገደኛ ይልቅ ሊታመን ይገባል። መሠረቱን የቆፈረው እርሱ ነውና።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። ገንዘብ አይከፈላቸው የሚሉት ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሡት የንጽሕናን ነገር ነው። ስፖርት ለፍቅርና ለክብር ሲሉት ያማረ ነው፤ ገንዘብ ከገባበት ይረክሳል ይላሉ። እኔ ይህን አሳብ እንደ ሞኝነት አላየውም። ያለ ደመወዝ መሥራት ውርደት እንዳልሆነ እኛ ከማንም ይልቅ እናውቃለን። ገበሬ ደቦ ሲጠራ ጎረቤቱ ሁሉ በሬውንና ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ ማታ በልቶና ጠጥቶ፣ ዘፍኖ ይሄዳል እንጂ የቀን ዋጋዬን ቁጠሩልኝ አይልም፤ ቢል ነውር ነው። ነገር ግን ደቦው ደቦ የሚሆነው ለምንድን ነው? ነገ እኔም በተራዬ ስጠራህ ትመጣለህና ነው። የደቦው ጠሪ ጎረቤቶቹን በነፃ ሰብስቦ፣ የሌላውን ሰው እርሻ በገንዘብ ለማሳጨድ ተኮናትሮ ቢገኝ ግን የሰፈሩ ሰው ምን ይለው ነበር? በማግሥቱ ማጭድ የሚያነሣለት አያገኝም። ነፃነቱ ንጹሕ የሚሆነው ሁሉም በነፃ ሲሠራ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ግን ለፍቅር ብቻ እንዲሠራ የታዘዘው የሚሮጠው ልጅ ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ለፍቅር አይሠራም፤ ማስታወቂያ ሻጩም፣ የቴሌቪዥኑ ኩባንያም፣ የማኅበሩ ሹም ራሱም ለፍቅር አይሠሩም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ከመንግሥት ደመወዝተኞች ሁሉ ከፍተኛውን የሚቀበለው ገዥው ወይም ዳኛው ሳይሆን የዩኒቨርሲቲ ኳስ አሠልጣኝ ነው። በ2023 የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ አሠልጣኙን ሲያሰናብት፣ ውሉ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍለው አስገድዶታል። ሰውየው ይህን ገንዘብ የሚቀበለው ላለማሠልጠኑ ነው። እንግዲህ አንዱ ሳይሠራ የሚከፈለው፣ ሌላው እየሠራ የማይከፈለው በአንድ ሜዳ ላይ ከሆነ፣ ያንን ሜዳ የንጽሕና ቦታ ብሎ መጥራት ያስቸግራል።

ደግሞም ይህ ንጽሕና ነበረ የሚባልበት ዘመን የትኛው እንደ ሆነ ፈልጌ አላገኘሁትም። የአሜሪካ ኮሌጆች የመጀመሪያው የእርስ በርስ ውድድር በ1852 በሃርቫርድና በዬል ተማሪዎች መካከል በኒው ሃምፕሻየር ሐይቅ ላይ የተደረገው የጀልባ ቀዘፋ ነው። የልጆቹን ወጪ የቻለው የባቡር ሐዲድ ኩባንያ ነበር፤ ተመልካች ወደዚያ በባቡር እንዲጓዝለት ነው። ንግዱ በኋላ የገባ እንግዳ ሳይሆን ከመነሻው አብሮ የቀዘፈ ነው።

አማተርነት በማን ላይ እንደሚከብድ ለማየት የጂም ቶርፕን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ቶርፕ የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ፣ የካርላይል ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። በ1912 በስቶክሆልም ኦሊምፒክ አምስት ዓይነትና አሥር ዓይነት ስፖርት በሚደረግባቸው ውድድሮች ሁለት ወርቅ አገኘ። በማግሥቱ ዓመት ግን፣ በ1909ና በ1910 በጥቂት ገንዘብ ቤዝቦል ተጫውቶ ነበርና ሜዳሊያዎቹን ነጠቁት። በዚያ ጊዜ ብዙ የኮሌጅ ልጆች በዕረፍት ወራት እንደዚሁ እየተከፈላቸው ይጫወቱ ነበር፤ እነርሱ ግን በሐሰት ስም ሲጫወቱ ቶርፕ በገዛ ስሙ ተጫወተ። በ1953 ሞተ፤ በ1982 ክብሩ በከፊል ተመለሰለት፤ ብቸኛ አሸናፊ ተብሎ የታወጀው በ2022 ነው። ደንቡ የቀጣው የተከፈለውን ሁሉ ሳይሆን ያልዋሸውን ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከመጀመሪያው የበረታ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልከተው። «ለእነዚህ ልጆች እኮ ይከፈላቸዋል፤ የሚከፈላቸውም ከገንዘብ የሚበልጥ ትምህርት ነው» ይላሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ወደ እነርሱ ያዘነብላል። ለትምህርት ሲል ስንቅ በትከሻው ተሸክሞ የቀናት መንገድ የተጓዘ ተማሪ ባለበት አገር ተወልጄ፣ ትምህርት ምንም አይደለም ልል አልችልም። ግን ትምህርት ደመወዝ ከተባለ፣ እንደ ማንኛውም ደመወዝ ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። በእርግጥ ይሰጣልን? የተሰጠውስ እውነተኛ ነውን?

ከ1973 ጀምሮ ነፃ የትምህርት ዕድሉ በየዓመቱ የሚታደስ እንዲሆን ተደረገ፤ ለብዙ ዓመት የሚጸና ዕድል መስጠት እንደ ገና የተፈቀደው በ2012 ነው። በእነዚያ ረጅም ዓመታት ጉልበቱ የተሰበረ ወይም አዲሱ አሠልጣኝ ያልወደደው ልጅ በዓመቱ መጨረሻ ትምህርቱም አብሮ ሊቀርበት ይችል ነበር። ትምህርት የትምህርት ዋጋ ቢሆን ኖሮ ክፍል ውስጥ በደከመ ጊዜ በተወሰደበት። የተወሰደበት ግን ሜዳ ላይ በደከመ ጊዜ ነው። እንግዲህ ይህ የሥራ ደመወዝ መሆኑን የሚክዱት ሰዎች ራሳቸው በተግባር መስክረዋል ማለት ነው።

የባሰው ደግሞ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ነገር ነው። በ2014 የወጣው የምርመራ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ በዚያ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ለ18 ዓመት ያህል መምህር የማይገባባቸው፣ ተማሪ የማይሰበሰብባቸው፣ አንድ ጽሑፍ ብቻ ተቀብለው ከፍተኛ ውጤት የሚሰጡ ትምህርቶች ነበሩ። ወደ 3,100 የሚሆኑ ተማሪዎች አልፈውባቸዋል፤ ከእነዚህም እኩሌታ የሚጠጋው ስፖርተኞች ነበሩ። በ2017 ማኅበሩ ነገሩን መርምሮ፣ ትምህርቶቹ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ስለ ነበሩ የስፖርት ደንብ አልተጣሰም በማለት ሳይቀጣ ቀረ። ማልያውን የሸጠ ልጅ ይቀጣል፤ የልጁን ትምህርት የሰረቀ ዩኒቨርሲቲ አይቀጣም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንደዚህ በትክክል የሚገጥምበት ቦታ አላየሁም። ልጁ በወጣትነቱ ጉልበት ላሚቱን ገዝቷል፤ ዲግሪ የተባለ ወረቀትም ይዞአል፤ ወተቱ ግን የለም። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ከገንዘቡ መቅረት ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው። ያልተከፈለ ገንዘብ ከነወለዱ ሊከፈል ይችላል። በ20 ዓመቱ ያልተማረውን ግን ማን ይመልስለታል?

ሦስተኛው ክርክር የድኅነት ነው፦ ኮሌጆች ገንዘብ የላቸውም ይላሉ። ከጥቂቶቹ በቀር አብዛኞቹ ለስፖርት የሚያወጡት ከስፖርት ከሚያገኙት እንደሚበልጥ እውነት ነው። ነገር ግን ለአሠልጣኝ ስንብት ሚሊዮኖች የሚገኝለት ቤት ለልጁ ምሳ ሲባል ድኻ ነኝ ቢል እንዴት ይታመናል? በ2014 የኮነቲከት ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን የአገሩን ዋንጫ ሲወስድ፣ ኮከቡ ሻባዝ ኔፒየር አንዳንድ ሌሊት ተርቦ እንደሚተኛ ለጋዜጠኞች ተናገረ። በዚያው ወር ማኅበሩ ለስፖርተኞች የሚሰጠው ምግብ ገደብ እንዳይኖረው ወሰነ። ገንዘቡ በአንድ ወር ውስጥ ከሰማይ አልወረደም፤ ነበረ ማለት ነው።

ፍርድ ቤቶች በመጨረሻ ያዘነበሉት ወደ ልጆቹ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሎስ አንጀለስ በ1995 ዋንጫ ያነሣው ኤድ ኦባነን፣ ከዓመታት በኋላ የራሱን መልክ በኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ተሸጦ አየና በ2009 ማኅበሩን ከሰሰ፤ በ2014 ተፈረደለት። በሰኔ 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአልስተን ክርክር ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ቃል፣ ማኅበሩ ከትምህርት ጋር የተያያዘ ጥቅም ለመገደብ መብት የለውም ብለው ፈረዱ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሐምሌ 2021 ስፖርተኞች ስማቸውንና መልካቸውን ለማስታወቂያ መሸጥ ተፈቀደላቸው። በሰኔ 2025 ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን አንድ ታላቅ ስምምነት አጸደቁ፦ ላለፉት ዓመታት ስፖርተኞች ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ እንዲያገኙ፣ ከእንግዲህም እያንዳንዱ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ በቀጥታ ለስፖርተኞቹ እንዲከፍል የሚፈቅድ ነው።

ስለዚህ «ይከፈላቸውን?» የሚለው ጥያቄ ተመልሷል ለማለት ይቻላል። እኔም መከፈሉን ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ነገር ግን አከፋፈሉን ስመለከት ደስታዬ ሙሉ አይሆንም። ገንዘቡ ካመጡት ጋር ይሂድ ሲባል አብዛኛው ለእግር ኳስና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ይሆናል። ሴቶች ስፖርተኞች ስምምነቱ በጸደቀ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይግባኝ ያሉት፣ በ1972 የወጣው የእኩልነት ሕግ ተጥሷል በማለት ነው። ሯጩስ? በፓሪስ ኦሊምፒክ በ2024 በ1,500 ሜትር ነሐስ ያገኘው ያሬድ ንጉሤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በአሜሪካ የተወለደ ነው፤ በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ሲማር በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር አሸናፊ ሆኗል። የሩጫ ትኬት ስታዲየም አይሞላም፤ ሯጩ የሚሠለጥነው ሞላላው ኳስ ባመጣው ገንዘብ ነው። የገንዘቡ ወንዝ ሲጠለፍ የሚደርቀው የታችኛው መስክ ይህ እንዳይሆን እሰጋለሁ። ለትምህርት ከአፍሪካ የሚሄዱት ሯጮችም ሌላ ችግር አለባቸው፤ በተማሪ ቪዛ የገባ የውጭ አገር ሰው በዚያ አገር እንደ ልቡ ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት ስለማይፈቀድለት፣ ጓደኛው ስሙን እየሸጠ እርሱ ተቀምጦ ያያል።

ሌላም ነገር አለ። ከ2024 ጀምሮ በትምህርቱ ደኅና የሆነ ስፖርተኛ በየዓመቱም ቢሆን ሳይቀጣ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወር ይችላል። አሠልጣኝ ውሉን ጥሎ ሲሄድ ማንም የማይከለክለው ከሆነ፣ ልጁን መከልከል ግፍ ነበርና ነፃ መውጣቱን አልነቅፍም። ግን በአራት ዓመት አራት ኮሌጅ የዞረ ወጣት ማን አስተማረው ይባላል? ድሮ ትምህርቱን የሚሰርቀው ኮሌጁ ነበር፤ አሁን ልጁ ራሱ በደላላ እየተመራ እንዲሸጠው ይጋበዛል። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ማለት እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ልጆች እጅግ ጥቂቱ ብቻ በኳስ እንጀራ እንደሚበላ ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም ግን ጥቂቱ እኔ ነኝ ብሎ ያስባል።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። እኩል አራሹ ከባለ መሬቱ ጋር ዘር ከመዘራቱ በፊት ይነጋገራል፤ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን፣ በረዶ ቢመታው ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ ሽማግሌ ባለበት ይቆርጣሉ። ባለ መሬቱ ብቻውን ተናግሮ ብቻውን አይፈርምም። የኮሌጅ ስፖርተኛም የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ይህ ነው፦ ስንት እንደሚከፈለው ብቻ ሳይሆን ትምህርቱን ለመጨረስ ስንት ዓመት እንደሚጠበቅለት፣ ሲጎዳ እስከ መቼ እንደሚታከም ራሱ ተቀምጦ የሚነጋገርበት ውል። እስካሁን የመጣው ገንዘብ የመጣው በፍርድ ቤት ግፊት እንጂ በዚህ ዓይነት ንግግር አይደለም። በ2014 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች የሠራተኞች ማኅበር እናቁም ብለው ጠየቁ፤ በመጀመሪያ ሠራተኞች ናችሁ ተባሉ፤ በ2015 ግን የበላዩ ቦርድ በነገሩ አልገባም አለ። በመጋቢት 2024 የዳርትመዝ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች 13 ለ2 በሆነ ድምፅ ማኅበር እንዲቆም መረጡ፤ ኮሌጁ ሊደራደራቸው እምቢ አለ፤ በዓመቱ መጨረሻ ጥያቄያቸውን አነሡ። በሐምሌ 2024 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ስፖርተኞች ሠራተኞች ሊባሉ የሚችሉበት ሁኔታ አለ ብሎ ክርክሩን ወደ ታች መለሰው። የ2025ቱ ታላቅ ስምምነትም ገንዘቡን ፈቅዶ ስሙን ሳይነካ አለፈው፤ ስፖርተኞቹ ሠራተኞች ናቸው ብሎ አልወሰነም። እንግዲህ ያቺ የኮሎራዶ ሴት ከ1957 ጀምሮ በእጅዋ የቀረውን ጥያቄ ይዛ ወደዚያ ስምምነት ብትሄድ፣ ባልዋ ከሞተበት ሜዳ ገቢ የሚደርሰውን ድርሻ እስከ ዶላሩ ተቆጥሮ ታገኛለች፤ ባልዋ የማን ሠራተኛ እንደ ነበረ ግን ከዚያም ላይ አታገኘውም።